የእሳት ሒሳብ፦ ኬካችን ለምን ይሰምጣል? እንጨታችንስ የት ይገባል?

(የማኅበራችን የሒሳብ ሠራተኛ በወርሃዊ ስብሰባችን ላይ ያቀረበችው ንግግር)

 

ባለፈው ስብሰባ ሁለት ጉዳዮች ተነስተው ሳይቋጩ ቀሩ። አንደኛው ለገና ለሚመጣው እንግዳ ልንሸጠው ያሰብነው ኬክ ነው። ሦስት አባሎቻችን ሞክረውት ሦስቱም ላይ መሐሉ እንደ ገበቴ ጎደጎደ። «እጅ የላትም» ተባለ፣ «ዓይን በልቶት ነው» ተባለ፤ አንዷ እህታችን ከፍቷት ነው የሄደችው። ሁለተኛው ከቁጠባችን ተበድረን የኤሌክትሪክ ኦቨን እንግዛ የሚለው ሐሳብ ነው። በሚቀጥለው ስብሰባ ድምፅ እንሰጥበታለን። የገንዘባችንን መዝገብ የምይዘው እኔ ነኝና፣ ከድምፁ በፊት የእሳቱንም መዝገብ ላሳያችሁ ብዬ ነው የተነሣሁት።

እኔ የምግብ ባለሙያ አይደለሁም። ዲፕሎማዬ በሒሳብ አያያዝ ነው። ነገር ግን ሙቀትም እንደ ብር ነው። ከአንድ ቦታ ይወጣል፣ ሌላ ቦታ ይገባል፤ መሐል ላይ አይጠፋም። ጠፋ ካልን የገባበትን አላየንም ማለት ነው። በትምህርት ቤት ፊዚክስ ያስተማሩን ይህንኑ ነበር፤ ጉልበት አይፈጠርም፣ አይጠፋም፣ መልኩን ይለውጣል እንጂ። ቁጥሮቹን አንዲት የፊዚክስ መምህርት አይታልኛለች፤ ስለዚህ በቁጥሩ አትጠራጠሩ፣ በሐሳቤ ግን መከራከር ትችላላችሁ።

ከውሃ ልጀምር። ንፍሮውም፣ ወጡም፣ ሊጡም አብዛኛው ነገሩ ውሃ ነው። የውሃን ጠባይ ያወቀች ሴት የማጀቷን ግማሽ አወቀች ማለት ነው።

ድስት ስንጥድ በውሃው ውስጥ ያሉት ለዓይን የማይታዩ ቅንጣቶች ሙቀት ባገኙ ቁጥር እንቅስቃሴያቸው እየፈጠነ ይሄዳል። እነሱ ወደ ላይ ሊወጡ ይታገላሉ፤ አየሩ ደግሞ ከላይ ይጫናቸዋል። ውሃው ፈላ የምንለው የእንፋሎቱ ግፊት ከአየሩ ግፊት ጋር እኩል ሲሆን ነው። አየር ክብደት አለው። ጅቡቲ ባሕሩ ዳርቻ የቆመ ሰው ሙሉውን አየር ተሸክሞ ነው የሚቆመው። እኛ ላሊበላ ያለነው ግን ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ወጥተን ስለምንኖር፣ የአየሩ ሩብ ያህል ከእግራችን በታች ቀርቷል። የሚጫነው ስላነሰ ውሃችን ቶሎ ይፈላል። በባሕር ዳርቻ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚፈላው ውሃ እዚህ በ91 ወይም በ92 ይፈላል። አቡነ ዮሴፍ ተራራ ጫፍ ላይ፣ ከ4,200 ሜትር በላይ ስንወጣ ደግሞ 86 አካባቢ ነው።

ቶሎ መፍላቱ ጥሩ ይመስላል። ሽምብራ ግን የሚበስለው በሙቀት ነው እንጂ በመንተክተክ አይደለም። እዚህ ድስቱ 92 ላይ ይቆማል፤ ከዚያ በላይ አልሄድም ይላል። ባቄላና ሽምብራ ቆላ ከሚበስልበት ጊዜ ይልቅ እዚህ የሚረዝመው ለዚህ ነው። ብዙዎቻችን ያን ጊዜ ምን እናደርጋለን? እንጨት እንጨምራለን። ድስቱ ይንተከተካል፣ ክዳኑ ይዘላል፣ እኛም ሥራ የተሠራ ይመስለናል። ነገር ግን የሚንተከተከው ድስትና ቀስ ብሎ የሚፈላው ድስት ሙቀታቸው እኩል ነው! ልዩነታቸው አንዱ ብዙ እንፋሎት ወደ ሰማይ መላኩ ብቻ ነው።

ያ እንፋሎት ስንት ያስከፍለናል? ሙቀት የሚቆጠርበት ኪሎ ጁል የሚባል መለኪያ አለ፤ የእሳት ብር በሉት። 1 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ፣ ከ20 ዲግሪ ተነስቶ እስኪፈላ ድረስ ወደ 300 ኪሎ ጁል ይበላል። ያንኑ 1 ሊትር ፈልቶ ካበቃ በኋላ እንፋሎት አድርጎ ለመጨረስ ግን ወደ 2,270 ኪሎ ጁል ይፈልጋል። ከ7 እጥፍ በላይ ነው። በዚያ ሁሉ ወጪ የውሃው ሙቀት አንዲት ዲግሪ እንኳ አይጨምርም።

ይህን መጀመሪያ ያስተዋለው ጆሴፍ ብላክ የሚባል የስኮትላንድ ሰው ነው፤ በ1760ዎቹ መጀመሪያ፣ በፈረንጅ አቆጣጠር፣ ግላስጎው ያስተምር ነበር። ቴርሞሜትሩ ሳይንቀሳቀስ እሳቱ ሙቀት ማስገባቱን ሲቀጥል አየና «ድብቅ ሙቀት» ብሎ ሰየመው። በሒሳብ ቋንቋ ብናገረው፣ ወጪው ተመዝግቧል፣ ዕቃው ግን መጋዘን ውስጥ አይታይም። በእንፋሎቱ ውስጥ ተደብቆ ሄዷል። እንፋሎት እጅን ከፈላ ውሃ ይበልጥ የሚያቃጥለውም ለዚህ ነው፤ ቆዳችን ላይ ተመልሶ ውሃ ሲሆን የተደበቀውን ሁሉ እዚያው ይከፍለናል። አክምባሎ ስታነሡ ፊታችሁን ዘወር አድርጉ የሚሉን እናቶቻችን ልክ ነበሩ።

እንግዲህ እንጨቱን እንመዝግብ። 1 ኪሎ ደረቅ እንጨት ሲነድ ወደ 15,000 ኪሎ ጁል ይሰጣል። በሦስት ጉልቻ ላይ ድስት ጥደን ስናነድ ከዚያ ውስጥ ድስቱ ጋ የሚደርሰው ከመቶ ከ10 እስከ 15 እጅ ብቻ ነው። የቀረው በጎን በነፋስ ይወሰዳል፣ ጉልቻውንና መሬቱን ያሞቃል፣ ሳይነድም በጢስ መልክ ይወጣል። ጢስ ማለት ያልነደደ እንጨት ነው። ገዝተነው፣ ተሸክመነው፣ ዓይናችንንና የልጆቻችንን ሳንባ አቃጥለንበት ነው በጣራ የምናስወጣው። ከመቶ 12 እጅ ደረሰ ብለን ብናስበው፣ አንድ ኪሎ እንጨት 6 ሊትር ያህል ውሃ ያፈላል። ያው አንድ ኪሎ ግን ሳንከድን ስናንተከትክ አንድ ሊትር እንኳ አያተንም። ስለዚህ ከፈላ በኋላ ክዳኑን ከድና እሳቱን የቀነሰች ሴት፣ የምታተርፈው የትርፉን ጫፍ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ከፈላ በኋላ ያለው ወጪ ዋናው ወጪ ነው።

ስለ እርጥብ እንጨት አንድ ነገር ልበል፤ ገበያ ላይ ሁልጊዜ የሚያበሳጨኝ እሱ ነው። ትኩስ የተቆረጠ ባሕር ዛፍ ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ውሃ ሊሆን ይችላል። ሸክሙ ይከብዳል፣ ገዢዋም የከበደውን ብዙ ነው ብላ ታነሣለች። በግማሽ ገንዘቧ ውሃ እየገዛች ነው። በዚያ ላይ ቤቷ ስታነደው ያ ውሃ እስኪተን ድረስ እሳቱ ለእሷ ሳይሆን ለራሱ ይሠራል። ከክረምት በፊት ገዝቶ፣ ፈልጦ፣ ከጣራ ጥግ ደርድሮ ማድረቅ ወለድ የማይከፈልበት ቁጠባ ነው። ማኅበራችን በግንቦት አንድ ላይ ቢገዛ ዋጋውም ይቀንስልናል፤ ይህን በሌላ ቀን እንነጋገርበት።

አሁን ወደ ኬኩ ልምጣ። የእህታችን ስም መጽዳት ስላለበት ጊዜ እወስድበታለሁ።

ኬክ የሚነፋው በጋዝ ነው። ዳቦ ላይ ጋዙን የሚሠራልን እርሾው ነው፤ ዱቄቱ ውስጥ ያለውን ስኳር እየበላ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይተነፍሳል፤ በአምቦ ውሃ ውስጥ የሚፈላው ያው ጋዝ ነው። ኬክ ላይ ግን ሥራውን የሚሠራው ቤኪንግ ፓውደር ነው። አልፍሬድ በርድ የሚባል እንግሊዛዊ በ1843፣ በፈረንጅ አቆጣጠር፣ ነው የሠራው፤ ሚስቱ እርሾ የማይስማማት ሆና እርሾ የሌለው ዳቦ ሊያበላት ብሎ። (እንዲህ ያለውን ባል ያብዛልን።) ሶዳና ደረቅ አሲድ አንድ ላይ ተፈጭተው የተቀመጡ ናቸው፤ ሲርሱ ይነቃሉ፣ ሲሞቁ ደግሞ ጋዛቸውን ይለቃሉ።

ጋዝ የሚጫነው ሲያንስ ይሰፋል። ጅቡቲ ላይ 3 ብርጭቆ የሚሞላ ጋዝ እዚህ 4 ብርጭቆ ይሞላል። ዱቄቱ አንድ፣ ማንኪያው አንድ፣ ነገር ግን አየሩ ሌላ ነው። የኬክ አሠራር የተጻፈባቸው መጻሕፍትና የቤኪንግ ፓውደሩ ቆርቆሮ ላይ ያለው ልክ በአብዛኛው ለባሕር ጠለል ቅርብ ለሆነ ሰው የተጻፈ ነው። በዚያ ልክ ስንሠራ ኬኩ እዚህ ቶሎና ከልክ በላይ ይነሣል። ይህ ብቻ ቢሆን ኖሮ ትልቅ ኬክ አገኘን ብለን ደስ ባለን ነበር። ችግሩ ግድግዳው ሳይደርቅ ጣራው መነሣቱ ነው። ኬኩን የሚያቆሙት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ የእንቁላሉ ፕሮቲን በሙቀት ሲረጋና የዱቄቱ ስታርች ውሃ ጠጥቶ ሲያብጥና ሲጠነክር። ሁለቱም ከ60 ዲግሪ ጀምረው እስከ 90 ባለው ውስጥ የሚሆኑ ናቸው። ስኳር ሲበዛ ደግሞ ስታርቹ የሚጠነክርበትን ሙቀት ከፍ ያደርገዋል፤ እዚህ ውሃው ቶሎ ስለሚተን የቀረው ስኳር ይወፍራል፣ ነገሩ ይብሳል። ስለዚህ አረፋዎቹ ይሰፋሉ፣ ይሳሳሉ፣ ይፈነዳሉ፣ እርስ በርስ ይቀላቀላሉ፤ መሐሉም ገና ጭቃ እያለ ጋዙ ይወጣል። ጠርዙ ብረቱን ነክቶ ቀድሞ ስለጠነከረ ይቆማል፣ መሐሉ ይሰምጣል። ያ ነው ገበቴው። ዓይን የበላው ነገር የለም፤ የሦስቱም እህቶቻችን እጅ ጤነኛ ነው።

መድኃኒቱ ከኦቨን ሱቅ የሚገዛ አይደለም፣ ከማንኪያው ነው። በእኛ ከፍታ፣ መጽሐፉ 1 የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር ካለ ሩቡን፣ ካልበቃም እስከ ግማሹ ድረስ ቀንሱ። ከእያንዳንዱ ኩባያ ስኳር ከ1 እስከ 3 የሾርባ ማንኪያ አንሡ። በእያንዳንዱ ኩባያ ፈሳሽ ላይ ከ3 እስከ 4 የሾርባ ማንኪያ ጨምሩ፣ ምክንያቱም እየተነነ ነው። እንቁላሉን ቆሞ እስኪቀር አትምቱት፤ አየር በጨመራችሁበት ቁጥር ያ አየር ይሰፋባችኋል። እሳቱንም 10 ወይም 15 ዲግሪ ከፍ አድርጉ፣ ግድግዳው ቶሎ እንዲቆም። እነዚህ መነሻ ናቸው። በአንድ ጊዜ ሁሉንም አትለውጡ፤ አንዱን ለውጣችሁ ጻፉ፣ ቀጥሎ ሌላውን። ደብተር ያልያዘች ጋጋሪ ሁልጊዜ ከዜሮ ነው የምትጀምረው።

ኬኩ የሚበስልበትን የሙቀት ነገርም ልብ በሉ። ኦቨኑ 180 ዲግሪ ይሁን እንጂ የኬኩ ውስጥ ውሃ እስካለው ድረስ ውሃው ከሚፈላበት ብዙ አይርቅም። ላዩ ግን ውሃውን ጨርሶ ስለሚደርቅ ከ140 ዲግሪ ሲያልፍ ይቀላል፣ ይሸታል፣ ይጣፍጣል። የዳቦ ልቡ ነጭ ቅርፊቱ ቡናማ የሚሆነው ለዚህ ነው። ስለዚህ ኦቨን ማለት ምትሐት አይደለም፤ ከላይም ከታችም ከጎንም ሙቀት የሚሰጥ ሣጥን ነው። እንዲያውም አየር ሙቀት የማስተላለፍ አቅሙ ደካማ ነው። በ180 ዲግሪ ኦቨን ውስጥ እጃችሁን ለቅጽበት ብታስገቡ አትቃጠሉም፤ የውስጡን ብረት ብትነኩ ግን ወዲያው ነው።

ከላይም ከታችም ሙቀት መስጠትን እኛ ከማንም አልተማርነውም። ድፎ ዳቦ ምንድን ነው? ሊጡ ኮባ ይለብሳል፣ ከታች እሳት አለ፣ በላዩ ክዳን፣ በክዳኑ ላይ ፍም። ኮባው ለሽታ ብቻ አይደለም፤ ርጥበቱን ይይዛል፣ ቅርፊቱን ከመቃጠል ይጠብቃል፣ ሊጡ ውስጡ እስኪነፋ ጊዜ ይሰጠዋል። ኬኩንም በወፍራም ድስት፣ ከታች ደረቅ አሸዋ አድርጋችሁ፣ ቆርቆሮውን በአሸዋው ላይ አስቀምጣችሁ፣ ክዳኑ ላይ ፍም ደርባችሁ መጋገር ይቻላል። አሸዋው ሙቀቱን ተቀብሎ ቀስ እያለ ያከፋፍለዋል፣ የታችኛው እንዳይቃጠል። ከድስትና ከአሸዋ በላይ ወጪ የለውም።

አሁን ደግሞ ወደ ምጣዱ። እዚህ ጋ ሒሳብ ያዥነቴ ይቀድመኛል።

በሒሳብ ሥራ ቋሚ ወጪና ተለዋዋጭ ወጪ የሚባል አለ። ሱቅ የተከራየች ሴት አንድ ብትሸጥም መቶ ብትሸጥም ኪራዩ ያው ነው፤ ቋሚ ነው። የሸክላ ምጣድም እንደዚሁ ነው። ሸክላ ሙቀትን ቀስ ብሎ ይቀበላል፣ ከተቀበለ በኋላ ደግሞ ይዞ ይቆያል። እስኪግል የነደደው እንጨት ሁሉ ኪራይ ነው፤ አንድ እንጀራ እንኳ ሳይወጣ ተከፍሏል። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ እንጀራ የሚጠይቀው ውሃውን የሚያተንበትንና ሊጡን የሚያረጋበትን ያህል ብቻ ነው። ለምሳሌ ያህል፣ ማጋሉ የ40 ብር እንጨት ይፈጃል፣ እያንዳንዱ እንጀራ ደግሞ የ2 ብር እንበል። 10 እንጀራ የጋገረች 60 ብር አወጣች፤ ለአንዱ 6 ብር። 40 የጋገረች 120 ብር አወጣች፤ ለአንዱ 3 ብር። እንጨቱ ያው፣ ምጣዱ ያው፣ እጁ ያው፤ ዋጋው ግን በግማሽ ወረደ። አራት ጎረቤታሞች በአራት ቀን አራት ምጣድ ከሚያግሉ በአንድ ቀን በአንዷ ቤት ተራ ቢገቡ፣ ያ ትርፍ ከየትኛውም ብድር ይበልጣል። አንዷ አቡክታ ስትመጣ የሌላዋ ይጋገራል፤ የሊጡ ቀን እንዲገጥም ብቻ መነጋገር ነው። ይህንን ልጆቻችን ከመወለዳቸው በፊት እናቶቻችን ያደርጉት ነበር ትሉኝ ይሆናል። አዎ፣ እኔ የጨመርኩት ቁጥሩን ነው።

ምጣዱ ስር ያለው እሳት በነፋስ የሚወሰድበትን ደግሞ ምርጥ ምድጃ ይከላከለዋል። ከሲሚንቶና ከአሸዋ እየተቀረጸ የሚገጣጠም፣ እሳቱን ከብቦ የሚይዝ ምድጃ ነው። ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር የእንጀራ እንጨትን እስከ ግማሽ እንደሚቆጥብ በሙከራ ታይቷል። በአባሎቻችን ቤት ያሉትን ሳይ አንዳንዶቹ ተሰንጥቀው፣ ስንጥቁ ሳይደፈን ቀርቷል፤ በስንጥቁ የሚወጣውን ነበልባል በብር ቁጠሩትና ጭቃውን ዛሬ ማታ ትመርጉታላችሁ።

እንጀራው ራሱ እንዴት ያለ ብልሃት እንደሆነ ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ስንዴ ውስጥ ሊጡን እንደ ላስቲክ የሚያስይዝ ግሉተን የሚባል ነገር አለ፤ ጤፍ የለውም። ጋዙን ማን ይያዘው? አብሲት! ከሊጡ ቀንሰን ቀቅለን ስንመልሰው ስታርቹ አብጦ ይወፍራል፣ አረፋውን ይሸከማል። ምጣድ ላይ ሲፈስ ሙቀቱ የሚመጣው ከታች ብቻ ነው፤ ጋዙና እንፋሎቱ ወደ ላይ ተሽቀዳድመው ይወጣሉ፣ የወጡበት ቀዳዳ ሳይዘጋ ሊጡ ይረጋል፣ ዓይን ይሆናል። ከዚያ አክምባሎው ይከደናል። እንፋሎቱ ከላይ ያበስለዋል፣ ሳያደርቀው። አሁን የተማርነውን ድብቅ ሙቀት አስታውሱ፤ አክምባሎ ያንን የተደበቀ ወጪ ወደ ኪስ መልሶ የሚያስገባ መሣሪያ ነው። ጠርዙ የተበላ አክምባሎ ካላችሁ ለውጡት።

አሁን ወደ ኦቨኑ። ሐሳቤን ሳልሸሽግ እናገራለሁ፦ በዚህ ዓመት አንበደር እላለሁ።

ኤሌክትሪክን ጠልቼ አይደለም። ጢስ የለውም፣ እንጨት አይቆረጥበትም፣ ልጅ ታዝሎ አይለቀምለትም። መብራቱ አስተማማኝ ቢሆን ከሁሉ ቀድሜ እጄን የማወጣው እኔ ነበርኩ። ነገር ግን በጦርነቱ ጊዜ መብራት ስንት ወር እንደጠፋብን፣ የኤሌክትሪክ ምጣድ ያላቸውም ወደ ጉልቻ እንደተመለሱ እናንተ ታውቃላችሁ። ዛሬም መብራት ለግማሽ ሰዓት ቢጠፋ እንጀራ ይታገሣል፤ ግማሽ የበሰለ ኬክ ግን አይታገሥም። ሲቀዘቅዝ ጋዙ ይሰበሰባል፣ እንፋሎቱ ውሃ ይሆናል፣ ገበቴ ሆኖ ይቀራል። ዕዳው ግን በየወሩ ይነፋል።

ከዚያ በላይ የገበያው ጉዳይ አለ። ለገና የሚመጣው ሕዝብ አብዛኛው የሚደርሰው በጾም ነው። ነቢያት ከኅዳር 15 ጀምሮ እስከ በዓሉ ዋዜማ ይጾማል፤ ምእመናኑ እንቁላልና ቅቤ ያለበትን ኬክ አይነካም። የጾም ኬክ እንሥራ ተብሏል። መልካም፤ ግን እንቁላሉ ሲወጣ ከሁለቱ ግድግዳዎች አንዱ ወጣ ማለት ነው። በዚህ ከፍታ ያለ እንቁላል ኬክ ማቆም ከሁሉ የከበደው ነው። የስንዴ ዳቦ ግን ግሉተን አለው፣ ጾም ነው፣ አሠራሩን ሁላችንም እናውቀዋለን፣ መንገደኛ ይዞት ሦስት ቀን ይሄዳል። ለጾሙ ሳምንት ድፎና አምባሻ፣ በዓሉ ካለፈ በኋላና ለውጭ አገር ጎብኚ ኬክ ብንል ገንዘባችን የሚገባበትን እናውቃለን።

ዳቦው ላይ አንድ ማሳሰቢያ ብቻ። እዚህ ጋዝ ስለሚሰፋ ሊጥ ቶሎ ይነሣል፤ የታኅሣሥ ሌሊት ብርድ ደግሞ እርሾውን ያዘገየዋል። ሁለቱ ይጣላሉ፤ ስለዚህ ሰዓት አትቁጠሩ፣ ሊጡን እዩ። እጥፍ ሊሆን ትንሽ ሲቀረው ወደ እሳት። ማታ ማታ ቡኮውን ከምድጃው ጥግ አስጠጉት፤ ምድጃው ላይ ግን አታስቀምጡት፣ እርሾ ከ55 ዲግሪ አካባቢ በላይ ይሞታል።

ከቁጠባው ገንዘብ መውጣት ካለበት እኔ የምደግፈው ትልቅ ፕሬሸር ድስት ነው፤ ንፍሮና ሽሮ ለሚሸጡት አባሎቻችን። ዴኒ ፓፐን የሚባል ፈረንሳዊ በ1679፣ በፈረንጅ አቆጣጠር፣ ነው መጀመሪያ የሠራው። እንፋሎቱን አፍኖ ይይዛል፣ ግፊቱ ይጨምራል፣ ውሃውም ከ100 ዲግሪ በላይ ይሄዳል። ከፍታው የወሰደብንን ሩብ አየር መልሶ ከነትርፉ ይሰጠናል። ሽምብራን በትንሽ እንጨት ያበስላል። ዋጋውን ከኦቨኑ ጋር አነጻጽሬ ለሚቀጥለው ስብሰባ በወረቀት አመጣለሁ።

እናንተ ደግሞ እስከዚያ ድረስ አንድ ሥራ አለባችሁ። በሚቀጥለው የጋገራ ቀን ከማንደዳችሁ በፊት እንጨቱን መዝኑ፣ ከጨረሳችሁ በኋላ የተረፈውን መዝኑ፣ የእንጀራውን ብዛት ጻፉ። ሦስት ቁጥር ብቻ ነው። መጻፍ የሚከብዳት ለልጇ ትንገረውና ይጻፍላት። በጉልቻ የምትጋግሩ ጉልቻ ብላችሁ፣ በምርጥ ምድጃ የምትጋግሩም ምርጥ ብላችሁ ለዩልኝ። ከኬክ ጋጋሪዎቹ መካከል ያቺ ተከፍታ የሄደችው እህታችን ቤኪንግ ፓውደሩን ቀንሳ በአሸዋ ድስት እንድትሞክርልን ጠይቄያታለሁ፤ እሺ ብላለች። ዱቄቱና እንቁላሉ ከማኅበሩ ነው። ሚዛኗ አንዲት ብቻ ስለሆነች በተራ ነው የምትሰጠው፤ ቅዳሜ ከገበያ መልስ እኔ ጋ መጥታችሁ ተመዝገቡ።